የካሊበር ትርጉም

ኅዳር 4
ቢሮ። ዝናብ። አንድ ሆቴል የሥራ ማስታወቂያ ለትርጉም ልኮልናል። «ከፍተኛ ካሊበር ያለው ሥራ አስኪያጅ» ይፈልጋሉ። መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ... «የጠመንጃ አፈሙዝ ስፋት» ይላል። አለቃችን ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ መቶ አለቃ እንላቸዋለን። ጠየቅኳቸው።
«ትክክል ነው። የአፈሙዝ ስፋት ነው» አሉ።
«ለሥራ አስኪያጅ?»
አሰቡ። «አፉ ሰፊ ይሁን ማለታቸው ነዋ።»

ኅዳር 5
ቃሉ አልለቅ አለኝ። ከሥራ ስወጣ አባዬ ሱቅ ጎራ አልኩ። ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት ሠሪ ነው፤ የውጭ ካታሎግ ሲያገላብጥ ነው የኖረው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ብቻውን ይኖራል። እኔ ጋ ና ብለው አሻፈረኝ ብሏል።
«ካሊበር የሰዓት ሞተር ነው» አለ። «ቀጭን አለ፣ ወፍራም አለ። የሰው ካሊበር አላውቅም።»
«ለሰው ሲሆን ጥራት ነው ይላሉ።»
«በምን ይለኩታል?»

የአንዲት ሴት የእጅ ሰዓት ከፍቶ ነበር። ወረንጦውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠ። ቀኝ እጁን ኪሱ ከተተ። ለምን? ብርድ እንኳ አልነበረም።

ኅዳር 6
«የላቀ ብቃት ያለው» ብዬ ተረጎምኩት። መቶ አለቃ ቅር እያላቸው ፈረሙ።

ኅዳር 12
ሳልነግረው ሄድኩ። ከውጭ በሱቁ መስታወት አየሁት። የሰዓት ብሎን ለማስገባት ይታገላል... እጁ ይንቀጠቀጣል። ብሎኗ አመለጠችው። ስገባ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ነበር።
«ምን ጠፋህ?»
«ምንም።»
አጠገቡ ተንበረከክሁ። ብሎኗን እኔ አገኘኋት።
«ከመቼ ጀምሮ ነው?»
«ከክረምት።»
«ምነው ሳትነግረኝ?»
«ብነግርሽ ሱቁን ዝጋ ትዪኛለሽ።»
እውነቱን ነው። እል ነበር።

ኅዳር 19
ሐኪም ቤት። መድኃኒቱ ያስታግሳል እንጂ አያድንም ተባለ። አባዬ «ጥቃቅን ሥራስ?» አለ። ሐኪሙ እኔን አየ። እኔ መስኮቱን አየሁ።
«ገባኝ» አለ አባዬ። 

ታኅሣሥ 2
ሱቁን ከነክፍሉ ለቀቀ። ያልተሠሩትን ሰዓቶች እየዞረ ለባለቤቶቻቸው መለሰ። አብሬው ዞርኩ። ያቺ የእጅ ሰዓቷ ተከፍቶ የነበረ ሴት ግን አልቀበልም አለች።
«እጅዎ እስኪሻል እርስዎ ጋ ይቀመጥ።»
«አይሻለኝም፣ የኔ ልጅ።»
«ይቀመጥ።»
ሰዓቱን ኪሱ ከተተ። በር ላይ ቆሞ አፍንጫውን ተናፈጠ። ጉንፋን ነው አለኝ። እሺ አልኩ።

ታኅሣሥ 9
አባዬ እኔ ጋ ከገባ ሳምንት ሊሆነው ነው። የግድግዳ ሰዓቶቹን ሁሉ ይዞ ነው የመጣው። ሳሎኑ ሞላ። አንዱ ደውሎ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል። እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም... አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ከሱቅ የወጣን ሰው ከሰዓቱም ልለየው?
ዛሬ ስነሳ ቤቱ ጭር ብሏል። ሁሉም ቆመዋል። አባዬ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ሻይ ይጠጣል።
«ምን ሆኑ?»
«አቆምኳቸው። ዓይንሽ አብጦ አየሁት።»
አጠገቡ ተቀመጥኩ። ለእኔም ቀዳልኝ፤ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሁለታችንም እንዳላየን ሆንን።
ቢሮ አርፍጄ ገባሁ።