ሳይጮኹ ለሚታመሙ ሰዎች ወንበር ስለ መስጠትዎ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ማናሴ፣ ስሙን ለክብሩ ስል የማልጠራው አዳማ የሚገኝ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የጠበቀ፣ ትንፋሽዎም እንደ መተንፈሻ ማሽንዎ የተረጋጋ ይሁን እያልኩ፣ አክስቴ አረጋሽ በክፍልዎ ስላገኘችው መስተንግዶ በአደባባይ ላመሰግንዎ ወደድኩ።

አንደኛ፤ አረጋሽ የመቂ ቲማቲም ነጋዴ ናት። የሣጥን ሚስማር እግሯን ወግቷት ቁስሉ ሲያመረቅዝ ይዣት መጣሁ። በር ላይ ያለው ተረኛ የጤና ባለሙያዎ ግንባሯን በመዳፉ ዳስሶ ትኩሳት እንደሌላት፣ እንዲያውም እንደምትቀዘቅዝ አበሰረን። በአዳማ የቀትር ፀሐይ መቀዝቀዝ ጸጋ መሆኑን ባለማወቃችን ደንግጠን ነበር፤ ወንበር ሰጥቶ አረጋጋን።

ሁለተኛ፤ ቁና ቁና ስትተነፍስ ሙቀቱ ነው ተባልን። ስትቀዘቅዝም ስትተነፍስም መልሱ አንድ መሆኑ ሥራ ያቀላል።

ሦስተኛ፤ ተረኛውን የመቂ ደላላ መስሏት «ደገፋ፣ ዛሬስ በዚህ ዋጋ አልሸጥልህም» አለችው። እሱም ጨዋታ አዋቂ ነውና «ኧረ አዴ፣ ትንሽ ቀንሱልኝ» ብሎ ተከራከራት፤ ወረፋተኛው ሁሉ ሳቀ። አረጋሽ በንግድ ቀልዳ አታውቅም ብል ሰሚ አጣሁ። በዚህ መሐል ኳስ ሲጫወት ጣቱ ወለም ያለው ጎረምሳ እየጮኸ ሲመጣ በሩ እንደ ሰርግ ቤት ተከፈተለት። በእናንተ ዘንድ ሕመም የሚለካው በድምፅ መሆኑን ያን ጊዜ ተማርኩ። አረጋሽም ዘግይቶ ገባት መሰለኝ፣ ከወንበሯ ስትወድቅ ድምፅ አሰማች፤ ወዲያው አልጋ ተገኘ።

ዶክተር ሱሃይላ አንቲባዮቲክና ግሉኮስ ካስጀመረቻት በኋላ፣ ኢንፌክሽኑ መላ ሰውነቷን አውኮ የደም ግፊቷን እንደጣለው ነገረችኝ። መቀዝቀዙም፣ ቁና ቁናውም፣ መቀባዠሩም የበሽታው የመጀመሪያ ምልክቶች ነበሩ፤ ትኩሳት የሌለው ሰው ደግሞ መድኃኒቱ ስለሚዘገይበት ይበልጥ ለሞት ይጋለጣል አለችኝ። ይህን ያለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፤ እስካሁን በክፍልዎ ያልተሰማችው ለዚህ ይሆናል።

አረጋሽ ዛሬም ኦክስጅን ላይ ናት፤ ትተርፍ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ፈቃድዎ ቢሆን፣ በር ላይ የሚደርስ ሰው ትንፋሹ ይቆጠር፣ ግፊቱ ይለካ፣ ሲቀባዥርም በዋጋ ባይከራከሩት።

ከወረፋዎ መጨረሻ፣ በታላቅ ትሕትናና በዝቅተኛ ድምፅ፣
ጫምሳ ፈይሳ

ማስታወሻ፦ ለሚቀጥለው ሕመምተኛችን ከሁሩታ አንዲት ስመ ጥር አልቃሽ አነጋግሬአለሁ። ቀብሩ መቼ ነው ብትለኝ፣ የእርስዎ በር ላይ መጥታ ካለቀሰችልን ቀብር ላይኖር ይችላል ብያታለሁ።