እጄ ሲረጋ

ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ፣ ባለቤትሽስ? ብርድ ሲሆን የሚጠዘጥዝሽ ጎንሽስ እንዴት አደረገሽ? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ይኸው ቆሜ እሄዳለሁ።

ባለፈው ደብዳቤዬን አይተሽ፣ ፊደሎችህ ጠጥተው ነው ወይ የሚንገዳገዱት ብለሽ ቀልደሽብኝ ነበር። አሁን ቀጥ ብለው መቆማቸውን ሳታዪ አልቀረሽም። እልል ከማለትሽ በፊት ግን እስከ መጨረሻው አንብቢኝ።

ሰውነቴ ኩላሊትሽን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያባርረው ጠዋትና ማታ የታዘዘልኝ እንክብል እጄን እንደሚያንቀጠቅጠኝ ታውቂያለሽ። ሻይ እንዴት እንደምደፋ እየነገርኩ አስቄሻለሁ፤ ሥራዬ ላይ የሆነውን ግን አልነገርኩሽም። ትምህርት ቤታችን የተመራቂዎቹን ስም ምስክር ወረቀት ላይ በእጅ ነው የሚያስጽፈው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጸሐፊው እኔ ነኝ። አምና ዘጠኝ ወረቀት አበላሸሁ። አንዲት ልጅ ስሟን ትክ ብላ አየችና፣ ጋሼ ይኼን ማን ነው የጻፈው አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ዳይሬክተሩ ደግ ሰው ናቸው፤ ከእንግዲህ ማህተሙን ብቻ ምታ አሉኝ። ማህተሙም ድርብ እየሆነ ወጣ። ሰው ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ጥርስ ባዳ አይደል።

ሐኪሙን መጠኑን ይቀንሱልኝ ብዬ ለመንኳቸው። እጅህ ስለተንቀጠቀጠ አትሞትም፣ መድኃኒቱን ብትተው ግን አሉና ያንኑ መጠን መልሰው ጻፉልኝ። እውነታቸውን ነው። እሳቸው ግን ያቺን ልጅ አላዩዋትም።

ዘንድሮ ሦስት መቶ አርባ ስም ጻፍኩ። አንድም አልተበላሸብኝም። ዳይሬክተሩ ወረቀቶቹን ለመምህራኑ እያዞሩ አሳዩ፣ እጅህ ተመለሰልን አሉኝ። ስሞቹ እስኪያልቁ ብቻ ብዬ ነበር የተውኩት፣ እታለም። ሳያልቁ እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ አለኝ፤ ሽንቴም ጠብታ ሆነ።

ዛሬ ጠዋት ደም ሰጠሁ። ነርሷ ውጤቱን አይታ፣ እንክብሉን በሰዓቱ እየወሰዱ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ነገ በጠዋት የሌሊት ልብስዎን ይዘው ይምጡ አለችኝ። ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ። ከመሳቢያዬ ሁለት ያልተከፈተ የእንክብል ካርቶን አውጥቼ ከልብሱ ሥር ሸጉጬዋለሁ። ምን እንደሚያደርግልኝ እንጃ።

ያን ቀን በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲወስዱሽ እጄን ይዘሽ፣ አደራ፣ ሌላ ትርፍ የለኝም ብለሽ ስቀሽ ነበር። አልረሳሁትም። ስሞቹን ስጽፍም አልረሳሁትም። አደራ በላ ሲሉ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። ፈርቻለሁ፣ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኛል።

የቀረሽን አንዱን ፈጣሪ ዕድሜሽን ሙሉ ይጠብቅልሽ። የልጆችሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ። ይህን ደብዳቤ ለማንም እንዳታሳዪብኝ፤ ጽሕፈቱ እንዴት ያምራል ብለው ያመሰግኑኛል።

ታናሽ ወንድምሽ