ጎማ ቁጥር አራት

ታዴ፣

ትናንት ትራስህን በመቀስ ቀድጄ ስፖንጁን አወጣሁ።

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። እስከ ትናንት ድረስ ትራሱ ባንተ በኩል እንደነበረ ነበር። ልብሱን አላጠብኩትም፤ ቤቲም እንድታጥበው አልፈቀድኩላትም። ለምን እንደቀደድኩት ልንገርህ፤ ከሰማህ በኋላ ፍረድ።

ልጃችን ቤቲ ታስራለች። ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኗ ነው። የያዟት በደብተርህ ምክንያት ነው። ድንጋይ የምትወጣዋን የሪሞት መኪናህን ጎማዎች እያወዳደርክ ትጽፍባት በነበረችው ባለ ሰማያዊ ሽፋን ደብተር።

አንተ ስትሄድ አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ገና ወሬ ነበር። አሁን ተቃውሞው ሱሉልታም፣ ሰበታም፣ እኛም ጋ ቡራዩ ገብቷል። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፤ ሁለት ቀን ይዘጋል። የሚዘጋው በድንጋይና በሚቃጠል ጎማ ነው። የሰው ሕይወት አልፏል፤ በምናውቃቸው ቤቶች ድንኳን ተጥሏል። ከጀርባችን ያለው የኦቦ ገመቹ ማሳ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተተክሏል። እሳቸው ዘንድሮም በችካሎቹ መሃል ገብስ ዘርተዋል።

አምቦ መንገድ ላይ ያለውን ጎሚስታ ቤትህን ካንተ በኋላ ከፍቼው አላውቅም። ደጃፉ ላይ ከምረሃቸው የሄድካቸውን አሮጌ ጎማዎች ግን አላነሳኋቸውም ነበር። መንገዱ መጀመሪያ የተዘጋ ቀን ወጣቶቹ እያንከባለሉ ወስደው አቃጠሏቸው። ደንበኞችህ ተራ ሲጠብቁ የሚቀመጡባት የጭነት መኪና ወንበርም አብራ ተቃጠለች። ያን ቀን ስለ ወንበሯ ግድ አልሰጠኝም።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከኔ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ካንተ ግን አልደብቅም። አርባህ ከወጣ በኋላ ፎቶህን ቡፌው ላይ ሳቆም መኪናዋንም ከአጠገቡ አቆምኳት። ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራዋን በጨርቅ እጠርግላት ነበር። እንግዳ ሲመጣ «የታደሰ መኪና ናት» እያልኩ አሳያለሁ። አንተ ግን አንድም ቀን በጎማዋ አቁመሃት አታውቅም። ከሆዷ ሥር አንዲት ቁራጭ እንጨት ታስገባላትና አራቱም ጎማዎቿ ምንም ሳይነኩ ተንጠልጥለው ይቆያሉ። እንጨቷን እኔ ነኝ የጣልኳት። ትርፍ ዕቃ መስላኝ።

ያየችው ቤቲ ናት። ጎማዎቹ የመኪናዋን ክብደት ዓመት ሙሉ ተሸክመው በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ሆነዋል። «እማዬ፣ የአባዬን መኪና ስትወለውያት ገደልሻት እኮ!» ብላ ሳቀችብኝ። ሰበታ መለዋወጫ የሚሸጠው ጓደኛህ ከድር ተመሳሳዩን ጎማ ከዱባይ ሊያስመጣላት እንደሚችል አስባ፣ የትኛው ድንጋይ ላይ የትኛውን እንደመረጥክ እንዲያይ ደብተርህን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሚኒባስ ተሳፈረች። መንገድ ላይ ፍተሻ ነበር።

ደብተሯን መርማሪው ጠረጴዛ ላይ አነበብኳት። ዕድሜ ልኬን አጠገብህ ተቀምጬ ስትጽፍ አይቼህ ነበር፤ ምን እንደምትጽፍ ግን አንብቤ አላውቅም። «ሱሉልታ፣ ትልቁ ድንጋይ፣ ጎማ ሁለት፣ ሦስቴ፣ አላለፈም።» «ሰበታ፣ ሹሉ ድንጋይ፣ ጎማ ሦስት፣ አንዴ አለፈ።» «ገፈርሳ፣ እርጥብ፣ ጎማ አራት፣ አለፈ።» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ እንዲህ ነው። ቀኑን አልጻፍክም፤ «እሑድ» ብቻ ነው ያልከው። መኪና የሚል ቃል ደግሞ አንድም ቦታ የለም። ለራስህ ነበር የምትጽፈው፤ የምታውቀውን ነገር ለምን ትጽፋለህ።

መርማሪው ጠና ያሉ ሰው ናቸው። አልጮሁብኝም። «እናቴ፣ ይኼ ደብተር ከቦታ፣ ከድንጋይና ከጎማ በቀር የሚያወራው የለም፤ መንገድ የሚዘጋ ሰው መዝገብ ነው የሚመስለው። እስቲ መኪና የሚል አንድ ቦታ ያሳዩኝ» አሉኝ። የሞተ ሰው ጽሑፍ ነው አልኳቸው። ባለቤቴ ሥራው ምን እንደነበር ጠየቁኝ። ጎሚስታ ነበር አልኩ። ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

ከቤታችን ውጭ ስለ ጎማዎቹ አውቆ የሚመሰክርልን ከድር ብቻ ነው። መንገዱ በተከፈተ ቀን ሰበታ ድረስ ሄድኩ። ሱቁ ተቆልፏል፤ ስልኩ አይሠራም። ጎረቤቱ ያለችው ሴትዮ ሁኔታው እስኪረጋጋ ዘመዶቹ ጋ ሄዷል፣ የት እንደሆነ ለኛም አልነገረን አለችኝ። ከመዝጊያው ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሴትዮዋ ውሃ ሰጠችኝ።

በማግስቱ መኪናዋን በዘንቢል ይዤ ጣቢያ ገባሁ። መርማሪው አገላብጠው አዩዋት። ሪሞቱን ነካክተው መሪዋን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዞሩ፤ ፈገግ ያሉም መሰለኝ። ወዲያው ፊታቸው ተመለሰ። መጫወቻ ማንም ሰው ቤት ይኖራል፣ ደብተሩ የዚች መኪና መሆኑን በምን አውቃለሁ አሉኝ። ከዚያ ደብተሯን ገልጠው ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። «ገፈርሳ፣ እሑድ፣ ግራጫው ድንጋይ። ጎማ ሁለት፣ ሦስቴ፣ አላለፈም። ጎማ አራት፣ ሦስቴ፣ አለፈ።» በመስኮቱ ወደ ውጭ አመለከቱኝ። ቧንቧው አጠገብ የእርከን ያህል ከፍታ ያለው ግራጫ ድንጋይ አለ። «ሰኞ በሦስት ሰዓት ይምጡ። በሁለቱም ጎማ እዚህ ድንጋይ ላይ ትሞክራለች። እንደተጻፈው ከሆነ ለበላዮቼ እንደዚያው እጽፋለሁ። ካልሆነ ግን እጄ ላይ ያለው ይኼው ነው።»

ስወጣ ሳያዩኝ ድንጋዩን በነጠላዬ ለካሁት።

ያን እሑድ አስታውሰዋለሁ። ገፈርሳ ከውሃው ዳር፣ ባሕር ዛፉ ሥር ነበርን። ቤቲ መኪናዋን ትነዳለች፣ እኔ እቆጥራለሁ፣ አንተ በጉልበትህ ተንበርክከህ ፊትህን ከድንጋዩ ጋር አስተካክለህ ታያለህ። ጎማ ስትቀይር ሌላ ምንም አትቀይርም ነበር። ድንጋዩ ያው፣ መነሻው ያው፣ ባትሪው እኩል የሞላ። ሁለት ነገር ባንዴ ከቀየርኩ የቱ እንደረዳኝ በምን አውቃለሁ ትለን ነበር። እኔ ይሰለቸኝ ነበር፣ ታዴ። ምሳ ቀዘቀዘ እያልኩ እነዘንዝህ ነበር። አሁን ያን ሁሉ ቃል ከጭንቅላቴ እየቆፈርኩ ነው።

ያስታወስኩትን ልጻፍልህ፤ ከተሳሳትኩ የሚያርመኝ የለም። ጎማ አንድ መኪናዋ ይዛው የመጣችው ደረቁ ነው፤ ድንጋይ ላይ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ጎማ ሁለት ጥርሱ ትልልቅ ነው፣ ሲያዩት ያስፈራል። «መልክ ብቻ!» ትለው ነበር፤ ጥርሱ ስለማይታጠፍ ድንጋዩን በጫፉ ብቻ ይነካዋል። ሦስት ቀጭኑ ነው፣ ለጭቃ። አራት ጥርሱ አጭር፣ ላስቲኩ ለስላሳ። ጎማው የሚታሰርበት ቸርኬ ውስጥ ከሥራ ቦታህ ያመጣሃትን የጎማ ባላንስ ማስተካከያ እርሳስ ብረት ለጠፍክበት፤ ክብደቱ ታች እንዲሆን፣ መኪናዋ ሽቅብ ስትወጣ ወደ ኋላ እንዳትገለበጥ። ጎማው ንፋስ የለውም፣ ንፋሱ ስፖንጁ ነው። አንተ ደግሞ የፋብሪካውን ስፖንጅ አውጥተህ ከዚያች ከጭነት መኪና ወንበር መደገፊያ በቆረጥከው ተካኸው። ጎማ ድንጋዩን ማቀፍ አለበት አልከኝ። እኔም እንደ ሰው ነው እንዴ ብዬ ሳቅሁ።

ዓርብ ዕለት ኦቦ ገመቹ ልኬቱን አይተው ተመሳሳይ ድንጋይ በአህያ ጋሪያቸው ጭነው መጡ። ከላዩ ገለባ አልብሰውታል። «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ» ብለውኝ ወደ መንገዱ ዞር ብለው አዩና፣ «በዚህ ጊዜ ድንጋይ ጭኜ ብታይ የሚያስሩኝ ከልጅሽ ጎን ነው፤ ቶሎ አውርጂልኝ» አሉኝ። ከታሰረች ወዲህ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው። የራሳቸው የወንድም ልጅ ከወር በፊት ተይዞ የት እንዳለ አያውቁም። ድንጋዩን ደረት ለደረት ሆነን አወረድነው።

ጎማ ሁለትን አሰርኩ። ሦስቴ ሞከርኩ፤ አላለፈም፣ እንደጻፍከው። ልቤ ሞቀ። ዓመት ሙሉ የቆመችበትን ጎማ አራትን አሰርኩ። መኪናዋ ገና ሜዳው ላይ እያነከሰች ሄደች። ድንጋዩ ሥር ስትደርስ ጠፍጣፋው ጎን ተደፋና ጎማው ባለበት ተሽከረከረ። አምስቴ፣ ስድስቴ። አንዴም አላለፈችም። ባንተ እጅ የተጻፈው እውነት ባንተ ቤት ውሸት ሆነ፤ ውሸት ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ባስቀመጥኳት ቦታ።

ምሳ ሳደርስላት ለቤቲ በዘበኛው በኩል ጎማ አራት እንቢ አለ ብዬ ላክሁባት። ሳህኑን ሲመልስልኝ ተቆጥቶ ነበር። «ልጅሽ ስፖንጁ ሞቷል በላት ብላለች። ፍራሽ መቀየር አይፈቀድም፣ ንገሪያት» አለኝ። አመስግኜው እየሮጥኩ ወጣሁ።

የቸርኬውን ብሎኖች ፈትቼ ጎማውን ስከፍት ስፖንጁ እውነትም ሞቷል። በአንድ በኩል እንደ ብስኩት ደርቆ እጄ ላይ ተፈረፈረ። ከገበያ የፍራሽ ቁራጭ አምጥቼ ሞላሁበት። በጣም ለስላሳ ነው፤ መኪናዋ ገና ስትቆም በቸርኬዋ ተቀመጠች። ከወንበሯ የተረፈ እንዳለ ብዬ ጎሚስታ ቤትህ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ የተቃጠለ የጎማ ሽቦና የወንበሯ ብረት ብቻ ነው ያለው።

የቀረው ትራስህ ነው። አንገትህን ስለሚያምህ ከዚያው መደገፊያ የተረፈውን ስፖንጅ ትራስ አድርገኸው ነበር። «የሾፌር ወንበር ላይ የሚተኛ ባል አገባሁ» እያልኩ ስንት ጊዜ አሾፍኩብህ።

ቅዳሜን ከትራሱ ጋር ተፋጥጬ ዋልኩ። ሌላ መንገድ ያለ እየመሰለኝ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው እመለስበታለሁ። ሌላ መንገድ የለም፣ ታዴ። በልብሱና በስፖንጁ መሃል ሁለት ሽበትህን አገኘሁ፤ ወረቀት ጠቅልዬ ከፎቶህ ጀርባ አኖርኳቸው። የሞተውን ስፖንጅ እንደ ልክ አድርጌ አራት ቆረጥኩ። የመጀመሪያውን አበላሸሁ። አምስተኛ ቆረጥኩ። የቀረው ከአንድ ጎማ አይተርፍም።

ቤተ ክርስቲያን ሳልሄድ ዛሬ እሑድ ጠዋት ሞከርኩ። ኦቦ ገመቹ ቆጣሪ ሆኑ። ጎማ ሁለት፣ ሦስቴ፣ አላለፈም። ጎማ አራት አንደኛውን አለፈ። ድንጋዩን አቀፈው፤ አሁን ገባኝ ምን ማለትህ እንደነበር። ሁለተኛውን አለፈ። ሦስተኛው ላይ ጫፉ ላይ ደርሳ የኋላ ቀኝ ጎማዋ ተንሸራተተ፤ ተገልብጣ በጀርባዋ ወደቀች። ኦቦ ገመቹ «ሂንሶዳቲን፣ አትፍሪ፣ ሁለት ይበቃል» አሉኝ። ደብተሩ ግን ሦስት ነው የሚለው። ሰውየው እንደተጻፈው ብለዋል።

ከዚያ ወዲያ አልሞከርኩም። ስፖንጁ እንዳይደክም ፈራሁ። ወይ እኔ ነኝ ያጣመምኳት፣ ወይ ስፖንጁን አጥብቄ ሞልቼዋለሁ፣ ወይ ያን እሑድ ቤቲ ስትነዳ የማላውቀው ዘዴ አለ። አንተ ብትኖር በአንድ ጣት ተጭነህ ታውቀው ነበር። እኔ ደጋግሜ ጫንኩት፤ ጣቴ ምንም አልነገረኝም። ነገ ልጄን የሚያስቀራት የአንድ ጎማ ጎን ቢሆንስ? ለማን አቤት እላለሁ?

መኪናዋ አሁን ጠረጴዛው ላይ ናት። ከሆዷ ሥር እንጨት አስገብቼላታለሁ፤ አራቱም ጎማዎቿ ተንጠልጥለዋል። ከእንግዲህ በእግሯ አላቆማትም። አንተንም ከእንግዲህ ፎቶ አጠገብ ዕቃ በማቆም አላስታውስህም፤ አንተ ትሠራ እንደነበረው እየሠራሁ አስታውስሃለሁ።

አዲስ ደብተር ገዝቻለሁ። በመጀመሪያው መስመር «ይህ ታደሰ ይነዳት የነበረችው ድንጋይ የምትወጣ የሪሞት መኪና ጎማ መዝገብ ነው» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ከሥሩ የዛሬውን አሰፈርኩ፤ የወደቀችበትን ሳይቀር። ቀጥሎ የነገውን ጀምሬዋለሁ፤ ሰኞ፣ ሦስት ሰዓት፣ ቧንቧው አጠገብ ያለው ግራጫ ድንጋይ፣ ጎማ አራት። ከዚያ ወዲያ ያለው ባዶ ነው።