ይሸታል የተባለው ማሽን

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21፣ ማታ 1፡20

ዛሬም ውሃ አቁሯል። ዕቃ ማጠቢያው አጥቦ ጨረሰ፣ ጸጥ አለ፣ በሩን ስከፍት ከታች አንድ ጣሳ የሚሞላ ቡናማ ውሃ። ሳህኖቹ ንጹሕ። ብርጭቆዎቹ ንጹሕ። የቆሸሸውን ውሃ ግን አልለቅም ብሎ ይዞታል። ለምን? ይኼ «ለምን» የሚባል ነገር አንዴ ከገባብኝ አይለቀኝም፤ ታውቀኛለህ ደብተሬ።

ባሌ ደረጀ ከሥራ ገብቶ ኩሽና ሳይደርስ ከኮሪደሩ ተመለሰ። ማሽንሽ ሸተተ አለ። ሲበላሽ «ማሽንሽ» ነው፤ እንግዳ ሲመጣ «ማሽናችን»። የገዛው ራሱ ነው፣ ባልደረባው ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ዕቃውን ሲሸጥ። ጭንቅላቴን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ አሸተትኩ። አዎ ይሸታል አልኩት።

ምንም አልሸተተኝም። ይኼንን እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22፣ ጠዋት 12፡40

ውሃ የለም። የኛ ሰፈር ፈረቃ ማክ. እና ዓር. ነው። ማሽኑ የሚጠጣው ከሮቶው ነው፤ እኔም ለማጠቢያ ከዚያው በባልዲ ቀዳሁ። ታችኛው መደርደሪያ ወጣ፤ ፊልተሩን ወደ ግራ ማዞር፣ ወደ ላይ መሳብ። ውስጡ የተገኘ፦ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የዝንጅብል ጭረት፣ የሎሚ ፍሬ፣ የደረጀ የሸሚዝ ቁልፍ። ቁልፉ በየት በኩል ገባ? በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት፣ መለስኩት፣ አስነሳሁ። ውሃው እንደገና ቆመ። ፊልተሩ አይደለም ማለት ነው። አንድ ተሰረዘ።

በዚያው ቀን፣ ማታ 1፡00

አሁን ያንን ነገር ልንገርህ። በሕማማት ሰሞን የያዘኝ ጉንፋን ሄደ፤ ሲሄድ አፍንጫዬን ይዞብኝ ሄደ። ሳሙና አይሸተኝም። ክብሪት አይሸተኝም። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ነበረበት። እኔ ግን ቡና ቀማሽ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመት በዚህ አፍንጫ ነው እንጀራ የበላሁት። ገበሬው ናሙና ያመጣል፤ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ በአምስት ስኒ ይቀዳል። እኔና አለቃዬ አቶ በላቸው እናሸታለን፣ በማንኪያ እንምጋለን፣ ውጤት እንጽፋለን። በዚያ ውጤት ቡናው ወይ ዋጋ ያገኛል ወይ ይወድቃል። ምላሴ ደህና ነው፤ ኮምጣጣውንና መራራውን ይለያል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጭጋግ።

ታዲያ እንዴት ነው የምሠራው? የአቶ በ.ን ፊት አነባለሁ። ቡናው ሲጥማቸው ግራ ቅንድባቸው ከፍ ይላል። የተበላሸ ስኒ ሲያገኙ ከንፈራቸውን ይሰበስባሉ። ከፋሲካ ወዲህ የምቀምሰው በሳቸው ቅንድብ ነው። አፍራለሁ። ጠዋት ጠዋት ግን ነገ ይመለሳል እላለሁ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25፣ ከቀኑ 7፡30

ዛሬ ውሃ መርጫው። እንደ ሄሊኮፕተር ክንፍ የሚሽከረከረው ማለቴ ነው። በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውስጥ መርፌ አስገብቼ አንድ በአንድ። ሦስቱ በጥቁር አዝሙድ ተደፍነዋል፤ ለክተው የሠሩለት ይመስል ልክክ ብሎ ገብቷል። አውጥቼ እጄ ላይ ቆየት ብዬ አየሁት። ይህችን የምታህል ነገር!

ጎረቤቴ ዘይነባ መጣች። ማሽኑ ከገባ ወዲህ የምትመጣው እኔን ልትጠይቅ ይሁን እሱን አልለየሁም። ጎንበስ ብላ ገና ሳትጠጋ በሻሿ አፍንጫዋን ይዛ ተመለሰች።

«ኩን ማል? ምንድነው ይሄ? ዋላሂ ጽጌ፣ አይጥ ሞቶበታል! ቡና ከመንገድ ማዶ የምታሸቺ ሴትዮ እንዴት ቻልሽው?»

ለመድኩት አልኳት። ዓይኔን ከመርፌው ሳላነሳ።

አይጥ ፈለግን። የለም። አንድ ብርጭቆ አቼቶ አፍስሼ ባዶውን አዞርኩት። ዘይነባ ቀትር ላይ ለቁጥጥር ተመለሰች። አሁን ደግሞ አቼቶ የጠጣ አይጥ ሆኗል አለች። ሳቅን። መርጫው አሁን እንደ ጉድ ይሽከረከራል፤ ውሃው ግን አሁንም ቆሟል። ሁለት ተሰረዘ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 26፣ ከቀኑ 8፡00

ዛሬ አንተኑ ወደ ኋላ አነበብኩህ። ማሽኑ ቤታችን የገባው በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት። ጾሙን ሙሉ ሠራ፤ አንድ ቅሬታ አልተጻፈም። የመጀመሪያው «ሸተተ» ሚያዝያ 16 ላይ ነው፣ ከፋሲካ በአራተኛው ቀን።

ቅምሻ ላይ አንድ ሕግ አለን። ጣዕም ከተለወጠ፣ ምን እንደተለወጠ ጠይቅ፤ ያልተለወጠውን እየሰረዝክ ሂድ። ውሃው ያው። ሳሙናው ያው። መብራቱ ያው፣ ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይሄዳል። የተለወጠው የምንበላው ነው! በጾም ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ከፋሲካ ወዲህ ዶሮ፣ ክትፎ፣ አይብ፤ ሃምሳው ቀን እስኪያልቅ ረቡዕና ዓርብም አልቀረ። ቅቤ!

ተነሥቼ ሮጥኩ። ሁለት ብርጭቆ፤ አንዱ ቀዝቃዛ ውሃ፣ አንዱ የፈላ። በየአንዳንዳቸው አንድ የሻይ ማንኪያ የቀለጠ ንጥር ቅቤ። የፈላው ላይ ዘይት ሆኖ ተንሳፈፈ። ቀዝቃዛው ውስጥ ወዲያው ረጋ፣ እንደ ሻማ። ብርጭቆውን ገለበጥኩት፤ ከዳሩ አልለቅም አለ።

ማሽኑን በቀዝቃዛ የሚያዞረው ማን ነው? እኔ። ውሃ ሲያሞቅ የኤሌክትሪክ ምድጃውም አብሮ ከበራ ቆጣሪው ይጥላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምጫነው አጭሩን፣ ቀዝቃዛውን ነው። በጾም ማንንም አልጎዳም። ፋሲካ ሲገባ ግን በገዛ እጄ ጉሮሮውን በቅቤ ደፈንኩት። የሚገርመው ደስ አለኝ። ጥፋተኛ ሲገኝ ደስ ይላል፣ ጥፋተኛዋ እኔው ብሆንም።

ቅቤው ያለው እንግዲህ ከኋላ፣ ፍሳሹ በሚወጣበት ጎማ ውስጥ ነው። ማሽኑ ከግድግዳው ተጣብቋል። ለብቻዬ ገፋሁት፤ ወገቤ እንጂ እሱ አልተነቃነቀም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 29፣ ማታ 12፡30

መጥፎ ቀን።

ከአምስቱ ስኒ በአንዱ ውስጥ የሸተተ ፍሬ ነበር። አንዲት ፍሬ ናት፤ እጥበት ላይ ገንዳ ውስጥ ተረስታ ቀርታ የበሰበሰች። አፍንጫ እንጂ ዓይን አይለያትም። አንዷ ስኒውን በሙሉ ታበላሻለች። አቶ በ. ስልክ ይዘው ወደ መስኮቱ ዞረው ነበር። ፊታቸው አልታየኝም። ንጹሕ ብዬ ጻፍኩ። ተመልሰው ቀመሱ፣ ተፉ፣ ወረቀቴን አዩ፣ እኔን አዩ። ደክሞሻል መሰለኝ አሉ። በቃ፣ ይኼን ብቻ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቆይተው ሰኞ ለአንድ ሳምንት አዲስ አበባ እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ውጤቱን ብቻዬን ነው የምፈርመው። የሚነበብ ፊት የለም።

ስወጣ በሩ ላይ አባ ፊጣ። የሸቤ ገበሬ ናቸው። አምና ቡናቸው ሊወድቅ ሲል ስኒው በደንብ አልታጠበም፣ ጥፋቱ የቡናው አይደለም ብዬ እንደገና እንዲቀመስ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ሳሙናው ሸቶኝ ነበር። ቡናው አለፈ። ዘንድሮም ናሙናቸውን ራሳቸው ይዘው መጡ። ጤናዬን፣ የቤቴን ጤና፣ የጎረቤቴን ጤና ጠየቁ።

«ኢንተለ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ያንቺ አፍንጫ ካለ እኔ ምን አስጨነቀኝ። አላህ ይጠብቅልሽ።»

አሜን አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ናሙናቸው የሚቀመሰው ማክሰኞ ነው። ወይ እጥላቸዋለሁ ወይ አሳልፋቸዋለሁ፣ እንደ ዕጣ። እፈራለሁ፣ ደብተሬ። ከልቤ እፈራለሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 1፣ ከሰዓት 10፡00

ልደታ። ደጅ ወጥተን ከጎረቤት ጋር ንፍሮ በላን። ባቄላው ትኩስ መሆኑን ብቻ ነው ያወቅኩት።

የውሃ ቀን ስለሆነ አንድ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ በማሽኑ ታች አፈሰስኩ። ቅቤው ይቀልጣል ብዬ። ውሃው እዚያው ቀዘቀዘ። ሙቀቱ ጎማው ጋ አይደርስም። ጎማው መፈታት አለበት።

ደረጀ ባለሙያ እንጥራ አለ። ጅማ ውስጥ ይኼንን የሚያውቅ ማን አለ? ማቀዝቀዣ ሠሪው መጥቶ ቢያየው ቆሞ ከማድነቅ አያልፍም። ራሴ እጨርሰዋለሁ አልኩ። ደረጀ ሳቀብኝ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም አለ። የሚያወራው ስለ ማሽኑ ነው። ፊቴ ግን ጋለ። ያለ ነገሩ ጮህኩበት። ማንኪያዎቹን እየወረወርኩ ደረደርኩ። እሱ ግን እሑድ ከቅዳሴ መልስ አብረን እንጎትተዋለን አለኝ። ይቅርታ አልጠየቅኩትም። መጠየቅ ነበረብኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 3፣ ከሰዓት 9፡15

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ዛሬ ሥሩ ተገኘ!

ሶኬቱን ነቀልን፣ ውሃውን ዘጋን። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ባልዲ፣ አሮጌ አንሶላ። ደረጀ ጎተተ፣ እኔ ከጎን ገፋሁ። ጎማው ከላይ ለስላሳ ነው፤ ወደ ፍሳሹ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ግን እንደ ካሮት ደርቋል። ማሰሪያውን ፈታሁ። ሽቦ አስገብቼ አዞርኩ፣ ሳብኩ። ወጣ!

አውራ ጣት የሚያክል ድፍን። ቢጫና ግራጫ፣ በርበሬው በመስመር በመስመር የተጋደመበት። መሃሉ ላይ የኮረሪማ ልጣጭ። መጀመሪያ እሷ ተጋድማ፣ ቅቤው በላይዋ ላይ ቀን በቀን እየረጋ። ከፋሲካ ወዲህ የበላነው ሁሉ ሽፋን በሽፋን አለ። እንዴት ያምራል! ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ አፍንጫዬ ድረስ አስጠግቼ ቆጠርኩት።

ላሳየው ዞር ስል ደረጀ የለም። በረንዳው ላይ ሸሚዙን አፍንጫው ላይ ይዞ ያስለዋል፣ ዓይኑ ያነባል። ከዚያ ሆኖ አየኝ፣ ተንበርክኬ ድፍኑን አፍንጫዬ ስር እንደያዝኩ። ሳሉ ቆመ። ሸሚዙን ለቀቀው። ቀስ ብሎ ጽጌ፣ አይሸትሽም? አለኝ።

አይሸተኝም።

ከመቼ ጀምሮ? ከሕማማት። ሥራ ቦታስ ያውቃሉ? አያውቁም። ተመልሶ ገባ፤ እዚያው ሽታው መሃል አጠገቤ ተንበረከከ። አለቀስኩ። በእጄ ቅቤ ስለነበር እንባዬን የጠረገው እሱ ነው። የዓርቡንም ይቅርታ ያኔ ጠየቅኩት። ንገሪያቸው አለ። ከቅምሻ ክፍል ቢያስወጡኝስ? ሌላ ምን ሥራ አውቃለሁ? አይዞሽ፣ ምንም አይሉሽም ብሎ ስላልዋሸኝ ወደድኩት።

ጎማው በፈላ ውሃ ሦስት ጊዜ ታጠበ፣ ተገጠመ። ምድጃው ጠፍቶ፣ ማሽኑ ከገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙቁ ፕሮግራም ተጫነ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከፊቱ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ድምፁን አዳመጥኩ። መጨረሻ ላይ ጉርርር ብሎ ጠጣው። በሩን ስከፍት ታቹ ባዶ፣ አንድ ጠብታ የለም። እልል ማለት ቀረኝ።

ዘይነባ ተጠርታ አሸተተች። «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም የለው!» አለች። ማስቲካ የምታኝክበትን አፏን ገጥማ ሁለተኛ አሸተተች። እኔ እሷን አየሁ፤ ሰው በአንድ ትንፋሽ ይኼን ሁሉ ያውቃል። ቀናሁባት።

ድፍኑን አልጣልኩትም። ባዶ የማር ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ ክዳኑን አጠበቅኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሰኞ፣ ግንቦት 4፣ ጠዋት 1፡10

ማሽኑ ደህና አደረ። የራት ዕቃ ታጥቧል፣ ታቹ ደረቅ። የቤቱ አዲስ ሕግ በወረቀት ተጽፎ በሩ ላይ ተለጥፏል፦ ቅቤ የነካው ሳህን መጀመሪያ በሶፍት ይጠረግ። ሙቁ ብቻ፣ ምድጃው ጠፍቶ። ፊልተር ቅዳሜ ቅዳሜ። ደረጀ ከሥሩ «ቁልፌ ይመለስልኝ» ብሎ ጽፎበታል።

ቅርንፉድ በጣቴ ፈጭቼ አሸተትኩ። አንድ አፍታ የሆነ ነገር የመጣ መሰለኝ። ሽታ ይሁን ትዝታ አልለየሁም። እንደገና ሞከርኩ፤ የለም። ይምጣም አይምጣም፣ አቶ በ. ሦስት ሰዓት ላይ ከመነሣታቸው በፊት እነግራቸዋለሁ። የአባ ፊጣ ቡና አፍንጫ ያለው ሰው እስኪገኝ ይቆይ። ለሳቸውም ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ ተቆጥተው ቢሄዱም።

መስታወት ፊት ቆሜ ሁለት ጊዜ ተለማመድኩ። «ጉንፋን ይዞኝ ነበር» የሚለው ላይ እደርስና «አሁን ግን ደህና ነኝ» ብዬ እጨርሰዋለሁ። አፌ ውሸቱን ለምዶታል። ጠርሙሱን ለምን እንዳስቀመጥኩት ያኔ ገባኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ። ቅምሻ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እከፍተዋለሁ፣ አፍንጫዬ ስር እይዘዋለሁ። እሳቸው ይሸሻሉ። እኔ አልሸሽም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፊታቸውን ሳነብ ከረምኩ፤ ዛሬ እሳቸው የኔን ያንብቡ።

ደረጀ ባጃጅ አስቁሞ እየጠራኝ ነው። ክዳኑን አንዴ ልየው። መንገድ ላይ ቢከፈት የማውቀው ከሾፌሩ ፊት —