ከዶብሪና ኪስ ያወጣኋት ሁለት ዩሮ

ለምሳሳልሽ እህቴ ለእትዬ ጾንካ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? የምትጦሪያት አሮጊት ሌሊት መቀስቀሷን ተወችልሽ ወይስ እንደ በፊቱ ናት? ባለቤትሽ ፕላመንስ ከአለቃው ጋር ታረቀ? የስፔን ብርድ ይቀላል ይላሉ፤ እውነት ይሁን። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም በጤና አለን። አባባ ጉልበቱን ቢያመውም የወይን ተክሉን ከርክሞ ጨርሷል። የልጅሽ የአምና ኮት እጅጌው አጥሯታል። ደህና ናት ብዬ ልጽፍልሽ ብል ግን እጄ እምቢ አለኝ። ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል።

ዓርብ ዕለት ትምህርት ቤታችን የማርቴኒጻ ገበያ ነበር። እንደምታውቂው በማርች መባቻ የምንወደው ሰው እጅ ላይ የምናስረውን፣ ልጆቹ የገመዱትን ቀይና ነጭ ክር ለመንደሩ ሰው ይሸጣሉ፤ እኔም በዚያው ገንዘብ መቁጠርና መልስ መስጠት አስተምራቸዋለሁ። ዘንድሮ ሌቫችን ቀርቶ ዩሮ ስለገባ፣ ከአዲስ ዓመት ወዲህ ጉሮሮዬ እስኪነቃ «በሌቫ አታስቡ! ዩሮን በዩሮ ቁጠሩ!» ስል ነው የከረምኩት። ከሁሉ ቀድማ የገባት ያንቺዋ ዶብሪና ናት። ስለዚህ የገንዘቡን ሳጥን ለእሷ ሰጠኋት።

ከወፍጮው ማዶ ያሉት እማማ ጊና መጡና ሦስት ወሰዱ። አንዱ ሃምሳ ሳንቲም ነው። አምስት ዩሮ ሰጧት፤ ሦስት ዩሮ ተኩል መለሰችላቸው። እማማ ጊና መዳፋቸውን አይተው ጮኹ፦ «ኧረ በሕግ! አምስቱ ማለት እኮ አሥር ሌቫ ነው። ሦስት ሌቫ ቢነሳ ሰባት ነው የሚመለስልኝ! ይቺ ልጅ ግማሹን ዋጠችው!»

ወይ እኔ! እኔም በልቤ ከአሥር ሦስት ሲነሳ ሰባት አልኩ፤ መዳፋቸው ላይ ደግሞ ሦስት ተኩል አየሁ። በሌቫ አስቤ በዩሮ አየሁ። ወላጁ ሁሉ እያየ «የቀረውን የት አደረግሽው?» ብዬ አፈጠጥኩባት። «አክስቴ፣ ልክ ነው እኮ፤ ዩሮ ነው» አለችኝ። «ጭራሽ ቃል ትመልሺልኛለሽ!» ብዬ እጄን ኪሷ ውስጥ ከተትኩ። ሁለት ዩሮ አገኘሁና አውጥቼ ለእማማ ጊና ሰጠኋቸው።

እታለም፣ ያቺ ሁለት ዩሮ የአዲስ ዓመት ጠዋት እንደ ባህላችን አባባን በጌጠኛው ቅርንጫፍ ጀርባውን መታ መታ እያደረገች ስትመርቀው የሰጣት ናት። ላንቺ ማርቴኒጻ መላኪያ፣ ለቴምብር ብላ ሁለት ወር ሙሉ ያኖረቻት። እኔም አውቅ ነበር። ያን ሰዓት ትዝ አላለኝም።

ቀትር ላይ ሳጥኑን ስንቆጥር እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ልክ ሆነ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይኸኔ እማማ ጊና በሩ ላይ ደረሱ። የልጅ ልጃቸው አስልቶ ነግሯቸው ኖሮ፣ በሰማንያ ዓመታቸው ዱላቸውን ተደግፈው በዚያ ጭቃ ተመልሰው መጥተዋል። ሁለቷን ዩሮ ዶብሪና መዳፍ ላይ አድርገው «የአሮጊት ነገር፣ ይቅር በይኝ የኔ ልጅ» አሏት። መምህርቷ እህትሽ ግን ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? «ልጆች፣ ትንሽ የሒሳብ ስህተት ተፈጥሮ ነበር፤ ተስተካክሏል» አልኩ።

ራት ላይ ዶብሪና የባቄላ ሾርባዋን እያማሰለች «ማን እንደተሳሳተ ግን አልተናገርሽም» አለችኝ። አባባ ማንኪያውን አስቀምጦ አየኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ሰኞ ጠዋት ወላጆች ልጆቻቸውን ሲያደርሱ በሩ ላይ አስቆምኳቸው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ዶብሪና ልክ ነበረች፣ ከኪሷ የወሰድኩትም የገዛ ገንዘቧን ነው አልኳቸው። አንዱ አባት «አይዞሽ መምህርት፣ እኛም እስካሁን የምናልመው በሌቫ ነው» ብሎ ሰዉን አሳቀ። ዶብሪና አልሳቀችም።

ከትምህርት በኋላ ፖስታ ቤት ሄድን። ቴምብሩን እኔ ልግዛ ብላት አሻፈረኝ ብላ በራሷ ሁለት ዩሮ ገዛች። መልሷን ሁለቴ ቆጥራ «ልክ ነው» አለቻት ቴምብር ሻጯን። መቁጠር አልጠላችም ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ወደ እኔ ዞረች። ማንም ሳይጠይቃት የኮቷን ሁለቱንም ኪሶች ወደ ውጭ ገልብጣ አሳየችኝ።

አደራሽን በላሁ፣ እታለም። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ አፍ የለኝም። ስትደውዪ እኔን ተዪኝና መጀመሪያ እሷን አናግሪያት።

አባባ ለፋሲካ መምጣታችሁን ብቻ ንገሪኝ ይልሻል። እማማ ጊና ጉንጭሽን ስመዋል። ፕላመንን ሰላም በይልኝ፤ አሮጊቷንም እንዲሁ። ዶብሪና የገመደችልሽ ክር እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለልሽ፤ እንደ ልማዳችን የጸደይ ሽመላ እስክታዪ ከእጅሽ አትፍቺው። ለአባባም፣ ለእማማ ጊናም አስራላቸዋለች። ዘንድሮ የእኔ እጅ ባዶ ነው።

ታናሽሽ ኔቬና
ጎርኖ ብሬስቶቮ፣ ቡልጋሪያ
እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 2026