ሆኪ ተጫዋቾቹ ጽጌን የተቀበሉ ዕለት

ሐሙስ

በአውቶቡሱ ውስጥ የማያነክስ ሰው የለም። አንዱ ጉልበቱን ያመዋል፣ አንዱ ወገቡን፤ የፊት ጥርስ ያለውማ ጥቂት ነው። ድሮ የበረዶ ላይ ሆኪ ተጫዋቾች ነበሩ። አሁን ጡረታ ወጥተው ለታመሙ ሕፃናት እርዳታ ለማሰባሰብ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይጫወታሉ። ሾፌራቸው እኔ ነኝ። ተመስገን፣ ጥሩ ሺፍት ነው።

ከኋላዬ የሚቀመጡት ሬይ ይባላሉ፤ በዕድሜ ከሁሉም ይበልጣሉ፣ በረኛ ነበሩ። አፌ ለምዶብኝ ጋሼ አልኳቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት ባለቤቴ ጽጌ ትገባለች። ካርቱም ከተለያየን ዓመታት አለፉ። ቡድኑን ካልጋሪ አውርጄ ኤርፖርት እደርሳለሁ። ካፖርት ገዝቼላታለሁ፤ ልኳን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ዓርብ

ሬድ ዲር ከተማ ተጫወቱ። እየወደቁ፣ እየተሳሳቁ። እራት አልበላልህ አለኝ። ጋሼ ሬይ ምን ሆነሃል ብለው ጠየቁኝ፣ ስለ ጽጌ ነገርኳቸው። እንግሊዝኛ ትችላለች ወይ አሉኝ። አትችልም።

ቅዳሜ

በረዶው ጉድ አደረገን። ካልጋሪ ልንደርስ ስንል ኤርድሪ ላይ ፖሊስ መንገዱን ዘጋው፤ ነዳጅ ማደያ ቆመን ቀረን። ጽጌን እንዲቀበልልኝ ጓደኛዬን ተክሌን ኮል አደረግኩ፣ አያነሳም፤ ለካ ሥራ ላይ ነው። ጽጌ የምትደርስበት ሰዓት አለፈ። አውቶቡሶቹን የሚያሰማራው ዲስፓቸር ደግሞ መንገዱ እንደተከፈተ በቀጥታ ወደ ጨዋታው፣ ሕዝቡ ገብቶ እየጠበቀ ነው አለኝ።

ተከፈተ። ወደ ጨዋታው ነዳሁ። ወደ ኤርፖርት የሚያስገባው መታጠፊያ ጋ ስንቀርብ ጋሼ ሬይ ወንበሬን ይዘው ተነሡ።

«ታጠፍ» አሉኝ።

የዲስፓቸሩን ትእዛዝ ነገርኳቸው።

«ለእሱ እኔ መልስ እሰጣለሁ። ሕዝቡ ትንሽ ቢጠብቅ ምንም አይሆንም። እሷ ግን እዚህ አገር ካንተ ሌላ ሰው የላትም።»

ከኋላ አንድም ሰው አልተቃወመም። ታጠፍኩ።

ጽጌ ግድግዳ ተደግፋ፣ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ማልቀሷን ዓይኗ ይናገራል። አቀፍኳት፤ የገዛሁትን ካፖርት ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩላት። «ከስተሃል» አለችኝ። ቀና ስትል እነዚያ ግዙፍ ሰዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው ከኋላዬ ቆመዋል። ለእያንዳንዳቸው ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

«ሽማግሌዎቹ የማን ወገን ናቸው?» አለችኝ።

«የእኔ» አልኳት።

ሻንጣዋን አላስነኩኝም። ጨዋታው ዘግይቶ ተጀመረ፣ የተቆጣ ግን አላየሁም። ጽጌ አጠገቤ ተቀምጣ፣ አንዱ በወደቀ ቁጥር ክንዴን ጭምቅ ታደርግ ነበር።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄደን አመሰገንን። ቡድኑ በሌላ ሾፌር ወደ ደቡብ ቀጥሏል። ቦሱ ደውሎ ነገ ቢሮ ና አለኝ። ድምፁ አልከፋም፣ አልለዘበምም። ጋሼ ሬይ አናግረውት ይሆናል፤ ላያናግሩትም ይችላሉ። ይሁን። እንደገና ታጠፍ ብባል እታጠፋለሁ።

ጽጌ ስቶቩ እንዴት እንደሚበራ እየጠየቀችኝ ነው። ልሂድ።