እድሪስ ያላየው መንገድ

ውድ እድሪስ፣

ዓይንህን ከከደንክ በኋላ የሆነውን የሚነግርህ ስለሌለ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በዋግ ተራሮች አልፎ ተከዜን ተሻግሯል የሚባለውን ሙስሊም ተጓዥ ታሪክ ከአያትህ የሰማኸው ልጅ ሳለህ ነው። ዳናውን ተከትለን ከሰቆጣ በእግር እንውረድ ስትለኝ እሺ አልኩ እንጂ፣ ሰውየው መኖሩንም አላምን ነበር። አብሬህ የወጣሁት ብቻህን እንዳትሄድ ብዬ ነው። ይህን ሳልነግርህ ቀረሁ።

እዚያው ዋግ ውስጥ ካለችው ዝቋላ ስንደርስ ወባ ጣለህ። ይታየሽ የምትባል ገበሬ መደቧን ለቅቃ አስተኛችህ፤ አጥሚት እያጠጣች አስታመመችህ። ባሏ ካሳ ጤና ጣቢያ ድረስ ሄዶ መድኃኒት አመጣ፤ ግን ዘግይቶ ነበር። ረፋድ ላይ "ተከዜ ቀረበ?" ብለህ ጠየቅከኝ። "ከዚያ ጋራ ወዲያ ነው" አልኩህ። ከዚያ በኋላ አልተናገርክም።

እኔ ማሰብ አቅቶኝ በራፉ ላይ ተቀመጥኩ። "በዚህ ሙቀት አስከሬኑ ሰቆጣ አይደርስም፤ እዚሁ እንቅበረው" ያሉ ነበሩ። ካሳ ግን "የሚያጥበው የእምነቱ ሰው እዚህ የለም። በወጉ ሳይገነዝ አፈር አላለብሰውም" አለና ቃሬዛ ማሰር ጀመረ። ማሽላ አጨዳ ላይ የነበሩት ወንዶች ማጭዳቸውን እየጣሉ መጡ። ዳገቱን እየተቀባበሉ እስከ መኪናው መንገድ ተሸከሙህ። ይታየሽ ነጠላዋን ፊትህ ላይ ጣል አድርጋ ከኋላ ተከተለች። "ፀሐይ እንዳይመታው" አለችኝ፣ እንቅልፍ የወሰደህ ይመስል።

ሰቆጣ ጎረቤቶችህ አጠቡህ፣ ገነዙህ፣ ሰገዱብህ። የዝቋላ ሰዎች ከመቃብሩ ራቅ ብለው ቆመው ነበር። አባትህ አይተዋቸው ሄዱና የካሳን እጅ ያዙ።

"ኑ፣ አፈር አልብሱት። ልጄን ያመጣችሁልኝ እናንተ ናችሁ።"

ካሳ አፈሩን ሲጨምር አለቀሰ። እኔም እንባዬ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ትናንት አባትህ ቤቴ መጡ።

"ልጄ ሊያይ ፈልጎ ያላየው ምን ቀረ?" አሉኝ።

"ተከዜ ብቻ።"

"መንገዱን ታውቀዋለህ?"

"ከነካሳ ቤት ወዲያ አላውቀውም፣ አባባ። እርስዎም ይደክምዎታል።"

"ቢደክመኝ አርፋለሁ" አሉ።

ሰኞ እንነሳለን። ያ ተጓዥ በዚያ ማለፉን ዛሬም አላውቅም። ወንዙ ዳር ስንደርስ አባትህ ዱዓ ያደርጉልሃል፤ እኔም አጠገባቸው ቆሜ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት እላለሁ። ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ሲቀሩ እጠብቃቸዋለሁ።

በሰላም ዕረፍ፣ ወንድሜ።

ኪዳኑ
ሰቆጣ